በአቋራጭ የቆጠርኩት ዘር

ጠጋ በሉኝማ፣ ወደ ፀሐዩ ገባ በሉ። ታኅሣሥ ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ሰውም የጥር ሠርግ ማውራት ጀምሯል። በዚህ ወር የእኔን ደጅ ሰው አይለየውም። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ዘር ስለምቆጥር ነው። ልጅ የሚድር ሁሉ «ሰባት ቤት ሞልቷል ወይ?» ብሎ ይመጣል፤ አብረውኝ ይቆጥሩ የነበሩት ሽማግሎች አንድ በአንድ አፈር ስለገቡ፣ የሰፈራችን ሙሽራ ዕጣ እኔ አፍ ላይ ቀርቷል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሰው ትቆጥራለች።

ታዲያ አንድ አመል አለብኝ። እረዝማለሁ። ስለ አንድ ሰው ብትጠይቁኝ ከሥሩ ካልጀመርኩ አልደርስበትም። እገሌ እገሌን ወለደ እያልኩ ስወርድ፣ ማን በየትኛው በሬ እንደተጣላ፣ የማን ሚስት በምን ዝናብ እንደመጣች ሳልጨምር አላልፍም። ጠያቂው ጠዋት መጥቶ፣ ምሳ ሲደርስ ገና አያቱ አልተወለዱም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በዚሁ ወር ነው። የልጅ ልጄ ሰብለ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፍ ነበር፤ ይህንንም ጨዋታ ከአፌ እየቀማች የምትጽፈው እሷው ናት። ላፕቶፗን ታቅፋ ስትነጫነጭ ሰማኋትና «ምን ሆንሽ?» አልኳት። ለካ በምትጽፍበት ነገር ውስጥ አንድ ማጣቀሻ ፈላጊ የሚሉት ፕሮግራም አለ። «ይህን ያለው ማን ነበር? የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ያነሳሁት?» ስትለው ፈልጎ ያመጣላታል። ግን በጠየቀችው ቁጥር ምዕራፉን ሁሉ፣ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ያነባል። አንድ ስም እስኪያመጣ ሻይ ይፈላል።

«ልክ እንደ አንቱ ነው፣ እማ ጥሩ» አለችኝ፣ ጥርሷን ሳትከድን።

መምህሯን ጠይቃ ቅንብሩን አስተካከለችው። አንድ ጊዜ ያነበበውን ይያዝ፣ ሲጠየቅ ከያዘው ይመልስ፣ ቢያነብም አሁን የምትጽፍበትን ምዕራፍ ብቻ ያንብብ። ነካ ነካ ስታደርገው እንደ ባጃጅ ሽው አለ። «ያልያዘው ነገር ቢኖርስ?» ብላት፣ «ያኔ እኔው ሁሉንም እንደገና አንብብ እለዋለሁ» አለች። ይቺን የመጨረሻዋን ሰምቻታለሁ፤ ልብ አላልኳትም። እኔ የወደድኩት ሽውታውን ነው።

ሰባ ዓመት አልፎኝ ቅንብሬን ቀየርኩ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ አያ ካሴ መጡ። ልጃቸው አለምነሽ ስድስት ዓመት አረብ አገር ሠርታ ተመልሳ፣ ገበያው አጠገብ ልብስ ስፌት ከፍታለች። ያጫት ደሳለኝ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው፣ የእብናት ልጅ። ጠላው ተጠንስሷል፤ የቀረው ቆጠራው ብቻ ነው። እኔም ገና ከመቀመጣቸው፦

«የእናንተ ከወርቄ፣ የእነሱ ከባዬ። ሁለቱም ከገብሬ ቤት። አምስት ቤት ነው፣ አይሆንም» አልኩ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ወይ ጉድ! ዛሬስ ምሳዬን ቤቴ ልበላ ነው» ብለው ተነሡ። የሰሙት ነገር የገባቸው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው፤ መቃኑን ይዘው ቆሙ። እኔ ግን ምን ልዋሻችሁ፣ በፍጥነቴ ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ የደሳለኝ አባት «ከዘመድ አንጋባም» ብለው ላኩ። ሠርጉ ፈረሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ የተፈታው ግን የእኔ መቀነት አይደለም፣ የሰው ልጅ ትዳር ነው።

በሦስተኛው ቀን አለምነሽ ራሷ መጣች። አላለቀሰችም። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«እማ ጥሩ፣ የእኔ ቆጠራ ምን ያህል ፈጀ?»

«እንዲያው… አንድ ትንፋሽ።»

«የእህቴን ሲቆጥሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ነበር፤ እግራችን እስኪደነዝዝ። እኔ ምን በደልኩ? እኔ እንኳ አንድ ቀሚስ ለማጥበብ ሰው አቁሜ ስንት ጊዜ እዞረዋለሁ! ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት። ከሥሩ ይቁጠሩልኝ።»

ተናደድኩ። ላሳፍራት ብዬ፣ በሬውንም ዝናቡንም ሳላስቀር ጀመርኩ። ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ገብሬ ላይ ደረስኩ። «ገብሬ ወርቄን ወለደ። የወርቄ እናት ስትሞትበት ከእብናት ሌላ ሚስት አመጣ፤ በሚያዝያ ዝናብ፣ በበቅሎ፣ የሁለት ዓመት ልጇን ከፊቷ አስቀምጣ መጣች። አባቱ ሞቶባት ነው። ያንንም ልጅ ገብሬ አሳደገው፣ ባዬ ይሉታል…»

ቃሉን ራሴው ደገምኩት።

አሳደገው። ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኩት እንዲያ ነው፤ ወለደው ብዬ አላውቅም። በአቋራጭ ስይዘው ግን «ከገብሬ ቤት» የሚለውን ብቻ ያዝኩና፣ ልጁ ከነእናቱ ከበቅሎው ላይ ወደቀብኝ።

«ምነው አቆሙ?»

«ደም አትገናኙም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ያን ዕለት?»

«ያን ዕለት እኔ አህያ ነበርኩ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ወርዶ መልቀም ነበረብኝ። ሰብለን ይዤ በሚኒባስ እብናት ወረድኩና፣ በደሳለኝ አባት ደጅ፣ በሽማግሎቹና በነፍስ አባታቸው ፊት ቆሜ ከሥሩ ቆጠርኩ። ቄሱ ሁለቴ አስደገሙኝ። አንዲት አሮጊት የደሳለኝ አክስት፣ «እውነት ነው፣ የባዬ አባት ሌላ ነው ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ» አሉ። የደሳለኝ አባት ተነፈሱና «እሜቴ፣ ያን ቀን ምን ነካዎት?» ሲሉኝ፣ «ቅንብሬ ተበላሽቶ ነው» አልኩ። ማንም አልገባውም። ሰብለ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። አለምነሽና ደሳለኝ ሁለት ልጆች ወልደዋል፤ የስፌት መኪናዋም ሦስት ደርሷል። አያ ካሴ ጾሙን ሙሉ ሰላምታ ነፍገውኝ በፋሲካ ታረቁኝ። ሰብለ ተመርቃ ታስተምራለች፤ ፈላጊዋ ዛሬም ሽው ይላል፣ ጽሑፏን ከማስረከቧ በፊት ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው አስነብባዋለች። እኔም ወደ ርዝመቴ ተመለስኩ። ተመልሼ ምን አተረፍኩ? ዓምና አንድ ቤተሰብ «እማ ጥሩ ጋ ከተሄደ ሙሽራዋ ታረጃለች» ብሎ ሳያስቆጥረኝ ዳረ። ተጋብተው ወልደዋል፣ ልጃቸው ሲያዩት ደስ ይላል። እኔም ቤቴ ተቀምጬ ከሥሩ ቆጠርኳቸው። ስድስት ቤት ነው። ዝም ብያለሁ። የማን ልጆች እንደሆኑ አትጠይቁኝ።