በፎቶ የታወቀች አማት

ሰው ፎቶ የሚነሣው ለምንድን ነው? መልኩን ለማስታወስ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ እንደ ልጄ እንደ ዮሐንስ ናችሁ። መልኩን ለመርሳት ነው የምትሉ ደግሞ እንደ እኅቱ እንደ ቤዛ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ማኅፀን ስለተሸከምሁ ፈራጅ አልሆንም። ዮሐንስ በስልኩ ፎቶ ሲያስተካክል የጨለመውን ፈካ፣ የተጣመመውን ቀና አድርጎ ይተወዋል፤ ነገር እንዳለ ሲሆን ነው ደስ የሚለው ባይ ነው። ቤዛ ግን እንዳለማ ከሆነ መስኮት ከፍቶ ማየት ይበቃል፣ ይኼ ጥበብ ነው ትላለች። ክረምት ላይ ጣና ሲደፈርስ የጠላ አተላ እንደሚመስል ታውቁ የለ? በእሷ ስልክ ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ ነው። ጎርፍ አያውቀውም።

ቤዛ ታጨች። ልጁ ከጣና ማዶ፣ የጎርጎራ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። የሽማግሌው ነገር አልቆ የሠርግ ቀን ሊቆረጥ ሲል፣ የልጅቷን ቤት በዓይኔ ሳላይ ቀን አልቆርጥም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አልቆርጥም። በጀልባ ሊመጡ ሆነ፣ ወደብ ሄጄ የምቀበል ደግሞ እኔ። ተያይተን ስለማናውቅ ልጆቹ ፎቷችንን ተለዋወጡልን።

ቤዛ የእኔን ስታስተካክል አጠገቧ ነበርሁ። የዓይኔን ሥር አለሰለሰች፣ ሽበቴን አጠቆረች። ሳይ፣ እናቴ በልጅነቴ ግንባሬ ላይ ያስነቀሰችኝ መስቀልም የለም። የት አደረግሽው ብላት፣ ስልኩ ቆሻሻ መስሎት ጠርጎት ነው አለችኝ። ዮሐንስ «እማዬን መልሻት» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፎቶውን ሁለት ጊዜ አየሁና ዝም አልሁ።

አምሮብኝ ነበር።

በቀኑ ባጃጅ አጥቼ ዘግይቼ ወደብ ስደርስ ጀልባው ገብቶ ሰው ተራግፏል። የእሳቸውን ፎቶ ገልጬ ጉንጯ የለሰለሰ፣ አንድ ሽበት የሌላት ሴት ፈለግሁ። የለችም። ደውይ ትሉኛላችሁ፤ ደወልሁ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ወዲያ ወዲህ አልሁ። እንግዳ ሳይቀበሉት ተመለሰ ማለት ጋብቻውም ተመለሰ ማለት ነው። ያገራችን ሰው ቢያስርቡት ይምራል፣ ቢንቁት ግን ቂሙን ለልጅ ልጁ ያወርሳል።

ሾላው ሥር አንዲት የእኔ እኩያ ቋጠሯቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ደክሞኝ አጠገባቸው ዐረፍ አልሁ። ገና ሰላም ከማለቴ ምሬታቸውን ጀመሩልኝ፤ ኑ ብሎ ጠርቶ ወደብ ላይ የሚያስጠብቅ ሰው ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለው ነው አሉ። ልክ ነዎት፣ የዘንድሮ ሰው እንግዳ አያከብርም ብዬ አብሬ ከልቤ አማሁት። ከዚያ ስልኬን ዘረጋሁላቸው።

«እኅቴ፣ ይችን ሴት ስትወርድ አይተዋል?»

መነጽራቸውን ከቋጠሮው ፈልገው አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይችማ ልጅ ናት» አሉ። ደግመው አዩ። «ቀሚሱ ግን የእኔ ነው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ጥልፉ ያው፣ የአንገቱ ሐረግ ያው። ከአንገት በላይ ያለው ብቻ ሌላ ነው። የእሳቸውንም አስተካክለውታል ለካ።

«ወይዘሮ አትጠገብ?»

«የቤዛ እናት ነዎት? ለእኔ የላኩልኝ ሴትዮ እኮ መስቀል የላትም። ሁለቴ በፊቴ ሲያልፉ አይቼ፣ ይችማ ሌላ ናት ብዬ ተውሁዎት።»

ተፋጠጥን። ተቀይመው ወደ ጀልባው ይመለሱ ይሆን ብዬ ቋጠሯቸውን ያዝሁ። ኋላ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም ያን ሁሉ ያማሁት ራሴን መሆኑ ገባኝና ተከተልኋቸው። ቤት ሳላይ ቀን አልቆርጥም ያሉት ሴት፣ ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጡ ቀኑን ቆረጡ። ከጥምቀት በኋላ።

ቤት ስንደርስ ቤዛ ጉልበት ስማ ሳትጨርስ ወደብ ላይ በምን እንደተዋወቅን ጠየቀች። ዮሐንስም ጆሮውን አቀና። ወይዘሮ አትጠገብ ቀስ ብለው እኔን አዩኝ።

«ምን ያስቸግራል ልጄ» አሉ። «እናትሽ ቁርጥ ፎቶዋን ናት። ከሩቅ ነው የለየኋት።»

ቤዛ ወንድሟን በድል ዓይን አየችው። እኔም፣ ሐሰት የማልወደው ሴት፣ «እሳቸውም እንደዚያው» አልሁ።

አሁን የቀረኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ለእሳቸው እንዳለ ልንገራቸው ወይስ ትንሽ አስተካክዬ፣ ገና አልቆረጥሁም።