የእትዬ ሰኪና በግ አንጀት

(ቦሌ ቡልቡላ፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ላቦራቶሪ። ዶክተር ገብረአምላክ የቁርጠት መድኃኒት እየፈተሸ ነው። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ለአለቃው ውጤት ካላሳየ ጥናቱ ይዘጋል። እትዬ ሰኪና ላምበረት ጨጓራና አንጀት ይሸጣሉ። ዛሬ ካመጡት የበግ አንጀት አንድ ቁራጭ ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ በክር ተንጠልጥሏል፤ ከታች አየር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ወፍጮው ያጓራል።)

ሰኪና፦ አምጣው ልጠበው! በሎሚ ሳላሽ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ስሜ ይጠፋል።

ገብረአምላክ፦ በሎሚ ከታሸ ይሞታል፣ እትዬ።

ሰኪና፦ ይሞታል? በጉ እኮ ሲነጋ ታርዷል!

ገብረአምላክ፦ በጉ ሞቷል። አንጀቱ ግን ገና አለ። ይመልከቱ።

(አረንጓዴ መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን ይከፍታል። ከሳጥኗ የወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች አንጀቱን ነክተውታል። አንጀቱ ሸምቀቅ፣ ፈታ፣ ሸምቀቅ ይላል። ላፕቶፑ ላይ መስመሩ ይዘላል።)

ሰኪና፦ (ወደ በሩ እያፈገፈጉ) ያረቢ! ነፍሱ ሳትወጣ ነው እንዴ የሸጥኩት? የላምበረት ሹፌር ሁሉ ዱለቱን በልቶ ወጥቷል!

ገብረአምላክ፦ ነፍስ አይደለም፤ ነርቭ ነው። በኤሌክትሪክ ስነካው አንጀቱን ያዘዋል። መድኃኒቱ ሲጨመር አንጀቱ መታዘዙን ከተወ፣ ቁርጠት ያስታግሣል ማለት ነው።

ሰኪና፦ ቁርጠት ላለበት ሰው ሰጥተህ አትጠይቀውም?

ገብረአምላክ፦ መርዝ ቢሆንስ?

ሰኪና፦ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ እንጠራዋለና። አንተም ከጩኸቱ ትገላገላለህ።

ገብረአምላክ፦ እትዬ፣ ይሄ ሳይንስ ነው። ዝም ብለው ይዩ።

ሰኪና፦ የኛን ሥጋ አትበሉም፤ አንጀታችንን ግን ታስጨፍራላችሁ።

(ገብረአምላክ ከጠርሙስ ሁለት ጠብታ ያንጠባጥባል። አንጀቱ መዝለሉን አያቆምም። ሰዓቱን ያያል፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ።)

ሰኪና፦ አልሰማህም።

ገብረአምላክ፦ ጊዜ ይፈልጋል።

ሰኪና፦ ቁርጠት ጊዜ ይሰጣል?

(ድንገት ወፍጮው ዝም ይላል። አንጀቱም ቀጥ ይላል።)

ገብረአምላክ፦ ቆመ! መስመሩን አዩት? እንደ አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ለጥ አለ!

(በስልኩ ለአለቃው፦ «ተሳክቷል! አንጀቱ ፀጥ ብሏል» ብሎ ይልካል።)

ሰኪና፦ ውሃውም ቡልቅ ቡልቁን ተወ።

ገብረአምላክ፦ (ከስልኩ ቀና ሳይል) አንጀቱ ሲረጋጋ ውሃውም ይረጋጋል።

ሰኪና፦ ሳጥንህም ዓይኗን ጨፈነች።

ገብረአምላክ፦ ትረፍ፤ ሥራዋን ጨርሳለች።

ሰኪና፦ ወፍጮውም ከመድኃኒቱ ቀመሰ እንዴ?

ገብረአምላክ፦ (እየሳቀ) ወፍጮን ከአንጀት ምን አገናኘው? አይፈረድብዎትም፤ እኔም ይሄን ለመረዳት አሥራ አንድ ዓመት ተምሬያለሁ።

ሰኪና፦ እኔ መች ተማርኩ፣ ልጄ።

(ስልኩ ይጠራል። አለቃው ነው፤ የጥናቱ ገምጋሚዎች አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ በቪዲዮ ማየት ይፈልጋሉ። ገብረአምላክ ኮሌታውን አስተካክሎ ካሜራውን አንጀቱ ላይ ያደርጋል።)

ገብረአምላክ፦ ክቡራን፣ እንደምታዩት ፍጹም እርጋታ…

(ወፍጮው ያጓራል። አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። ውሃው ቡልቅ ይላል። አንጀቱ ከበፊቱ አብልጦ ይዘላል። ገብረአምላክ መጀመሪያ ግድግዳውን ያያል፣ ቀጥሎ ሳጥኗን፣ መጨረሻ እትዬ ሰኪናን።)

ሰኪና፦ (ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው) ልጁን አትቆጡት! መድኃኒቱስ ይሠራል። ብቻ የሚዋጠው መብራት ሲጠፋ ነው።