የእትዬ ወርቅነሽ አበባና የቀበሌው አምፖል

ብርሃን የሚሸሽ ሰው አንድ ነገር ደብቋል ተብሎ ይታማል። ተክል ግን እንዲህ ስሟ አይነሳም። ለገና ሰሞን አናቷ እንደ በርበሬ የሚቀላውን ያችን ተክል ታውቋታላችሁ አይደል? ቀን ፀሐይዋን ትሞቃለች፤ ለማበብ ግን የምትጠብቀው ረጅምና ድፍን ያለ ሌሊት ነው። ወቅቱን የምታውቀው በእሱ ነዋ! መሀሉ ላይ አምፖል ካበራችሁባት ሌሊቱ ገና አጭር ነው ብላ ቅጠሏን ብቻ ስታበቅል ትኖራለች።

ሸማ ተራ ነጠላ የሚሸጡት ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ እንዲህ ያለች ተክል በሱቃቸው ደጃፍ፣ በግማሽ በርሜል ውስጥ አለቻቸው። የተከሏት ሟች ባላቸው ናቸው። በየዓመቱ ስትቀላ እትዬ ለራሳቸው «መጣ» ይላሉ። ማን እንደሆነ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ታዲያ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልማት ሊያመጣልን ቆርጦ ተነሳና ልክ ከበርሜሉ በላይ አምፖል አሰቀለ። አጨበጨብን። በዚያ ዓመት ተክሏ ሳትቀላ ቀረች። በቀጣዩ መስከረም ሊቀመንበሩ ተክሏን አያትና «ለገና እንግዶች ይጎበኙናል፤ እስከዚያ ካላበበች መንገድ ስለምትዘጋ ትነሳለች» አለ። ደግ ሰው ነውና እንዲያግዛት ብሎ አምፖሉን ዓይን በሚያጠፋ ትልቅ አምፖል ቀየረላት።

እትዬ እንቅልፍ አጡ። እኔም ምን እንዳቅበጠበጠኝ እንጃ፣ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ይህች ተክል ያጣችው ጨለማ ነው» አልኩ።

«ጋሼ» አለ ሊቀመንበሩ ረጋ ብሎ፣ «ከጨለማ የወጣነው በስንት መስዋዕትነት ነው። ዛሬ ጨለማ የሚናፍቅ ፀረ ልማት ካለ ይታወቅልን።»

ወዲያው ሀሳቤን አሻሻልኩ። አምፖሉ ሁለት ቢሆን ብዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ ግን የመጀመሪያውን ሰምተውኛል። በማግስቱ ተሸካሚዎችን ለምነው ትልቅ የፍሪጅ ካርቶን አስመጡና ሲመሽ ተክሏ ላይ ደፉባት። ጠዋት ያነሳሉ፣ ማታ ይደፋሉ። የሰፈሩ ዘበኛ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ብርድ እንዳይመታት» ይሉታል። ታኅሣሥ ላይ አናቷ ቀላ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው «መጣ» አሉና አለቀሱ።

እንግዶቹ መጡ። ሊቀመንበሩ በአንድ እጁ አምፖሉን፣ በሌላው አበባዋን እያሳየ «ብርሃን ያስገኘው ውጤት ይኸውላችሁ» አለ። ከሁላችን አስበልጠው ያጨበጨቡት እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። እኔ ጠጋ አልኳቸውና «አሁንስ እውነቱን ልናገር ነው» አልኳቸው።

«ተዉ ጋሼ» አሉኝ ማጨብጨባቸውን ሳያቋርጡ፣ «ምስጋናውን አምፖሉ ይውሰደው። ካርቶኔን ብቻ አይንኩብኝ።»