ጭራ ለማብቀል ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ለመምህር ከበጎ ምግባራት ሁሉ የሚልቀው «አላውቅም» አለማለት ነው። እኔ ይህን ምግባር ሳላጓድል የኖርኩ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በማስተምርባት የምዕራብ ሸዋ ከተማ (ስሟን አልጠራም፤ እሷ ምን አጠፋች?) ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ የሰማ ተማሪ የለም። የማላውቀውን ስጠየቅ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» እላለሁ፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል። ፈተና ላይ የማይመጣ እውቀት ማን ይፈልጋል?

ሃቦኔ ትፈልጋለች። ሃቦኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፤ ጥያቄ ሲገባት እንደ ቁንጫ አያስቀምጣትም። አንድ ሰኞ ጠዋት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ትናንት አንድ ፊልም አየሁ። ሳይንቲስቱ የእንሽላሊት ጂን ራሱን ይወጋና ሲነጋ ጭራ አብቅሎ ይነሳል። እውነት ጭራ ለማብቀል አንድ ሌሊት ይበቃል?»

«ፈተና ላይ አይመጣም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን ጂኑ በአንድ ሌሊት ሴሎቹ ሁሉ ጋ እንዴት ደረሰ? ጭራው ደግሞ አጥንት አለው። አጥንቱን ከየት አመጣው? ሰውዬው እኮ እራቱን እንኳ ሳይበላ ነው የተኛው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ስለ ዘረመል ምህንድስና የማውቀው መጽሐፉ ላይ ያለችውን አንዲት አንቀጽ ነው፤ እሷንም አስጽፋለሁ እንጂ አስረድቼ አላውቅም። ስለዚህ ኮቴን አስተካከልኩና «ውጭ አገር ተሠርቷል» አልኩ። ምላሴ ግን እዚያ ላይ መቆም ሲገባት፣ «እንዲያውም እኛም እየሞከርን ነው» ብላ ጨመረች። አይ ምላስ!

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ርዕሰ መምህራችን አቶ አሻግሬ ቢሮ ደረሰ። ወዲያው ተጠራሁ።

«ምንድን ነው የምትሞክሩት?»

«የዘረመል ምህንድስና ነው ጌታዬ።»

«ምህንድስና!» ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ምህንድስና የተባለ ነገር ሁሉ በጀት እንዳለው ያውቃሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ለአምቦው የሳይንስ ኤግዚቢሽን አንድ ነገር ይዘን እንቅረብ። ከአካባቢያችን ጸጋ ጋር የተሳሰረ ይሁን።»

የአካባቢያችንን ጸጋ ፍለጋ በመስኮት አዩ። የጎረቤታችን የኦቦ ጂራ ላም የትምህርት ቤቱን ሣር ትግጣለች። ጠረጴዛቸው ላይ ደግሞ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቆሟል። አንዴ ላሟን፣ አንዴ ጠርሙሱን አዩ። ታላላቅ ግኝቶች የሚወለዱት እንዲህ ነው።

«የአምቦ ውሃን ጂን ላሟ ውስጥ ብንከተውስ? ጋዝ ያለው ወተት!»

ውሃ ጂን የለውም። ይህን አውቃለሁ፤ በእርግጠኝነት ከማውቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ልናገረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ድንቅ ሐሳብ ነው ጌታዬ! እኔ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?» የሚል ነበር።

ሥራውን የምታቀርበው ሃቦኔ እንድትሆን ተወሰነ።

«ቲቸር፣ ውሃ ጂን አለው እንዴ?»

«ይጠናል።»

«ምኑ ነው የሚጠናው?»

«ስሚ፣ አምቦ መሄድ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ትፈልጋለች፤ እንዴት አትፈልግ! ከዳኞቹ አንዷ ዶክተር ጃለኔ የሚባሉ የዘረመል ተመራማሪ መሆናቸውን ሰምታለች። የጭራውን ጥያቄ የሚመልስላት ሰው ካለ እሳቸው ናቸው። አቶ አሻግሬ ደግሞ እንደተባለችው ካላቀረበች ሌላ ተማሪ እንደሚልኩ ነግረዋታል። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ወሰድኩት፤ ስብሰባ ላይ የለመድነው ይህንኑ ነው።

ኦቦ ጂራን ላማቸውን እንዲያውሱን ለመንኳቸው።

«ባርሲሳ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ላሜን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ጋዝ ያለው ወተት ትሰጣለች።»

«ያ ዋቃ! አምና እርጥብ ሣር በልታ ጋዝ ሞልቷት ሆዷ ተነፍቶ ለጥቂት ተረፈች እኮ!»

«ይሄኛው ሳይንሳዊ ነው፣ ኦቦ ጂራ።»

ሳይንሳዊ ሲባሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ብሆን አወልቅ ነበር።

ላሟ በአይሱዙ፣ እኛ በሚኒባስ አምቦ ገባን። ነጭ ጋዋን ለብሼ ከመጋረጃ ጀርባ ወተቱንና የአምቦ ውሃውን በጆግ ቀላቀልኩ። አረፋው ገንፍሎ ከመጋረጃው ማዶ የቆሙትን የአቶ አሻግሬን አዲስ ኮት ሸፈነው። እሳቸው ግን የታሪክ ሰው ናቸውና በዚያው ኮት መድረክ ወጡ።

«ወተትንና የአምቦ ውሃን ለየብቻ የመግዛት ኋላ ቀር አሠራር ከዛሬ ጀምሮ ያከተመ መሆኑን ሳበስር ታላቅ ኩራት ይሰማኛል!»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንዲያውም የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ዶክተር ጃለኔ ከብርጭቆው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ወደ ሃቦኔ ዞረው «የትኛውን ጂን ነው የተጠቀማችሁት?» አሏት።

ሃቦኔ እኔን አየችኝ። ጠቀስኳት። ላሟን አየች። ላሟ አልጠቀሰቻትም።

«ምንም ጂን አልተጠቀምንም ዶክተር። ውሃ ጂን የለውም። ወተቱ የኦቦ ጂራ ላም ነው፣ ጋዙ ጠርሙስ ውስጥ የነበረ ነው፣ የቀላቀሉት ቲቸር ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? የኛዋ እንኳን ምድር ላይ ናት፤ በአይሱዙ ነው የመጣችው።»

አቶ አሻግሬ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር! እውነት ነው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እንዳይጠራ ማድረግ ግን የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። «ጌታዬ፣ ልጅቷ ፊልም ታበዛለች» አልኩ። «እውነትና ልብ ወለድ ይምታታባታል።»

የሃቦኔ ዓይን እንባ ሞላ። አፈርኩ፤ አፈር ልብላና በጣም አፈርኩ። ግን ኮታቸው እየጨቀየ ነበርና ማፈሬን ትቼ በጋዋኔ ጫፍ አረፋውን መጥረግ ጀመርኩ።

ዶክተር ጃለኔ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ደግ አደረግሽ። በይ፣ ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጠይቂኝ።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ሰኞ የጠየቀችኝን አንድም ሳታስቀር ጠየቀቻቸው፤ ሌሊቱን፣ ሴሉን፣ አጥንቱን፣ እራቱን።

«ያ በፊልም ነው እንጂ ያደገ ሰው ላይ ጭራ አይበቅልም» አሉ ዶክተሯ። «በአንድ ጂንም፣ በአንድ ሌሊትም አይሆንም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁላችንም ማህፀን ውስጥ ሳለን ለጥቂት ጊዜ ጭራ ነበረን። ከመወለዳችን በፊት ይጠፋል።»

«ኧረ!» ሃቦኔ ፊቷ በራ። «ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

እኔ በዚህ ጊዜ ከአቶ አሻግሬ ፊት ወደ ኋላቸው፣ ከኋላቸው ወደ ፊታቸው እየተሽከረከርኩ ኮታቸውን እጠርጋለሁ፤ «ልክ ነዎት ጌታዬ፣ ትክክል ነዎት ጌታዬ» እላለሁ። ሃቦኔ ቀስ ብላ ዞረችና ከኋላዬ፣ ከወገቤ በታች አየችኝ።

«እርግጠኛ ነዎት ዶክተር?»

ዶክተር ጃለኔም ዞረው አዩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አዩኝ።

«አላውቅም» አሉ። «ይጠናል።»