የኔታን ያስደነገጠ ቢጫ

ሰው ስለ ሽንቱ ማውራት ለምን ያፍራል? በሉ አትሳቁ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ለሥራዬ ነው የማወራው። ፍኖተ ሰላም ላይ ስለ ኢንዛይም ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። "ፍላቪን" የምትለዋን ቃል ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ግን ግማሹ ክፍል በመስኮት ያያል። ማን ይፈርድባቸዋል? ያችን ቃል ከልቡ የፈለጋት ሰው እስካሁን ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። የኔታ።

የኔታ ጎረቤቴ ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ዘንድሮ ሁዳዴን በደረቅ ቂጣና በውኃ ብቻ ገፉት። ፋሲካ ሲደርስ የከንፈራቸው ጥግ በሁለቱም በኩል ተሰነጠቀ፤ ምላሳቸው እሳት የነካው መሰለ። በርበሬ መቅመስ ቀርቶ መናገርም ያማቸዋል። ለግንቦት ልደታ ደግሞ ቡሬ ቅኔ እንዲቀኙ ተጠርተዋል። ምላሱ የታመመ ባለቅኔ ምን ይሠራል?

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የቫይታሚን ቢ ሁለት እጥረት ነው ብላ እንክብል ሰጠቻቸው። ወተትና እንቁላልም አዘዘችላቸው። በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ እቤቴ ከች አሉ።

"ልጄ፣ የኔታ አለቀላቸው!"

"ምነው እትዬ?"

"የወፍ በሽታ ነው። ሽንታቸው... እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ አደይ አበባ ሆኗል።"

ሮጥኩ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። እንክብሉን ወርውረውታል። ለቡሬም "አልመጣም በሉልኝ" እያሉ ነው። ዓይናቸውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ነጩ ነጭ ነው። ጉበት ቢሆን ዓይንም ቢጫ ይሆን ነበር።

"የኔታ፣ መድኃኒቱ ነው። ቢ ሁለት የፍላቪን ወገን ናት፤ ስሟም በላቲን ቢጫ ከሚል ቃል የመጣ ነው። ሰውነትዎ የተረፈውን ሲያስወጣ ነው ቢጫ የሆነው።"

"የሚወጣ ከሆነ ለምን እውጠዋለሁ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አግኝቼ አላውቅም! የበላነውን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች በውስጣችን እንዳሉ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ያለ ፍላቪን ሥራ እንደሚፈቱም ነገርኳቸው። ፍላቪን ከምግቡ ኤሌክትሮን ተቀብላ ለቀጣዩ ታቀብላለች፤ ከዚያ ባዶ እጇን ተመልሳ ደግሞ ትቀበላለች።

የኔታ ቀና አሉ። "ከቀኝ ተቀብላ ለግራ የምትሰጥ? እንደ ማኅሌት?"

"እንደሱ ነው።"

"ለራሷስ ምን ታስቀራለች?"

"ምንም።"

"ጻድቅ ናት!" አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለመ። "ቢሆንም ልጄ፣ ሽንቱን አላየሽውም።"

ምን ላድርግ? አንዷን እንክብል እፊታቸው ዋጥኩ። በማግስቱ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጠይቃቸው ገባሁ። የኔታ ሰው ፊት መጠየቅ አፍረው ቅንድባቸውን ብቻ አነሱ።

"የእኔም እንደ እርስዎ ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ጎረቤቱ ምኑም ሳይገባው "እሰይ!" አለ። የኔታም እንክብላቸውን አስመጥተው ዋጡ።

ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ እንክብሉም ሥራቸውን ሠሩ። ከንፈራቸው ገጠመ፤ ምላሳቸው ተመለሰ። ልደታ ዕለት ቡሬ አብሬያቸው ሄድኩ። አወይ ድምፅ! የተቀኙት ከቀኝ ተቀብሎ ለግራ ስለሚሰጥ፣ ለራሱም ምንም ስለማያስቀር አገልጋይ ነበር። ሊቃውንቱ "ይደገም!" አሉ። ተደገመ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔ አለቀስኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ያ አገልጋይ ማን ነው? አንዱ መሪጌታ "ቅዱስ ገብርኤል ነው" አሉ። ሌላው "የለም፣ መጥምቁ ዮሐንስ ነው" አሉ። የኔታ በዳነው ከንፈራቸው ፈገግ ብለው ወደኔ ጠቆሙ።

"ወርቁን የምታውቀው መምህርቷ ናት። እሷን ጠይቋት።"

ሊቃውንቱ ሁሉ ዞሩ። ደረቴ ተነፋ። አንድ አረጋዊ ቄስ ቀረብ ብለው፣ "በይ ልጄ፣ ነገሩ ከምን ተነሣ? ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን" አሉኝ።

ከመጀመሪያው! አፌን ከፈትኩ። ካህናቱን አየሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አየሁ።

"ገብርኤል ነው፣ አባ" አልኩ።