ጋሽ ገሠሠ ለነፋስ ፋብሪካ ሽማግሌ ላኩ

ቀጣዩ ሀብት የት እንደሚፈነዳ ቀድሞ የሚያውቅ ጋሼ የሌለው የአትላንታ ሀበሻ ካለ፣ ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። የእኛው ክቡር ጋሽ ገሠሠ ናቸው። እዚሁ ኢስት ፖይንት ሰፈር ሃያ ዓመት የኤርፖርት ሻትል ነድተው ሪታየር ካደረጉ ወዲህ፣ ራሳቸውን የባሕር ጠረፍ ልማት ሚኒስትር አድርገው ሾመዋል።

"ሰው ሳይሰማ እንግባበት!" ይላሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሎት ሙሉ እየሰማቸው።

የሚገባበት ደግሞ አራት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስባት፣ የዓሣ ፋብሪካዋ ተዘግቶ ወጣቶቿ ጥለዋት የሄዱ አንዲት የወደብ ከተማ ናት። የነፋስ ተርባይን የሚሠራ ኩባንያ እዚያ ኢንቨስት ሊያደርግ ነው አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችንን ጭነው ይወስዳሉ። በእኔ ተራ ረግረግ አሳዩኝ። "ይኸውልህ፣ ዋናው በር!" አሉኝ፣ ሽመላ የቆመችበትን እየጠቆሙ። ወይ ጉድ! ትንኝ በልቶኝ ተመለስኩ።

ከመካከላችን ሸዋነሽ ግን አመነቻቸው። አትላንታ ቻምብሊ ያለውን አፓርታማዋን ለቅቃ፣ ወደቡ አጠገብ ለሠራተኞች ብላ ምሳ ቤት ከፈተች። ሠራተኛ የታለ? ፋብሪካው ከቀረ መዝጋቷ ነው። ይህን ሲሰሙ ጋሽ ገሠሠ ምግብ አልበላ አላቸው። የወደቧ ከተማ ምክር ቤት በፋብሪካው ፈቃድ ላይ ሊወስን ሕዝብ የጠራ ዕለት፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ እኔን ሾፌር አድርገው ከች!

"ፕሊዝ፣ ተቀመጡ" አለች ሰብሳቢዋ።

"ጉዳያችን መልስ ሳያገኝማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ገሠሠ በእንግሊዝኛ፣ የሰው ሴት ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ የሄዱ ይመስል። ሰብሳቢዋ ወገባቸውን ያመማቸው መስሏት ትራስ አስመጣች። እኔ በሀፍረት ሞቼ የኋላ ጥግ ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኛ ልጃችንን ሰጥተናችኋል" አሉ። "እናንተ ደግሞ እንጀራዋን ስጧት።"

አንድ የከተማው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ኮፍያውን አውልቆ ብድግ አለ፤ ሌላውም ተከተለው። ድምፅ ተሰጠ። አራት ለሦስት ጸደቀ! ሸዋነሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

ጋሽ ገሠሠ ያኔ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኚህን ሰውዬ እንዴት እንደምወዳቸው! ዕንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ቀና ብለው አዩኝ።

"ተቀመጥ እንጂ አንተ! ሰጥተውናል እኮ!"

ለካ መቼ እንደተነሳሁ ሳላውቅ፣ ከጎናቸው ቆሜያለሁ።