ደረጀን የሸኘንበት ፍየል

የመሥሪያ ቤት ሰው ለመመስገን ወይ መሞት አለበት፣ ወይ መዘዋወር። የእናንተ ቢሮ የተለየ ከሆነ እንኳን ደስ አላችሁ፤ እኛ አሶሳ ያለነው ግን እንዲህ ነን። ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ የነፈጋችሁ ባልደረባ፣ ልትሄዱ ነው ሲባል ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ደረጀ የቢሯችን የዳታ ባለሙያ ነው። ኤስኪውኤል በሚሉት መጠየቂያ ቋንቋ ዳታቤዙን አናግሮ መልስ የሚያገኘው እሱ ብቻ ነው፤ እኛማ በአማርኛም በበርታም ብንለማመጠው ማሽኑ ዘግቶናል። ሚስቱና ትንሿ ልጁ ደሴ ናቸው። ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው፤ ይህ ነገር፣ ቀልዱን ትተን፣ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ታዲያ አንድ ማለዳ «የጠየቁት ዝውውር ተፈቅዷል፤ ለማረጋገጥ እዚህ ይጫኑ» የሚል ኢሜይል መጣለት። ተጫነ። እኔ ብሆን በሁለት እጄ ነበር የምጫነው።

ወሬው ከተሰማ ሽኝት ማን ያዘገያል? መዋጮ ተሰበሰበ፤ ከባምባሲ ፍየል መጣ፤ ሻንጣ ተገዛለት። ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ኃላፊያችን አቶ ሐሚድ በዚያው ሳምንት «ደንቡ እስኪደርሰን ድረስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። ተነሡና ከስልካቸው ንግግር አነበቡ። ደረጀ ምሰሶ ነው፣ ብርሃን ነው፣ ምትክ የሌለው ነው። መጨረሻ ላይ በዚያው ግርማ ሞገስ «ንግግሩን እንዳሳጥርልዎት ይፈልጋሉ?» አሉ። አጨበጨብን።

ለሳይበር ደኅንነት ሥልጠና ከአዲስ አበባ የመጣችው አሠልጣኝ አብራን ትበላ ነበር።

«ዝውውሩ በምን መጣ?» አለች።

«በኢሜይል።»

ማኘኳን አቆመች። መልእክቱ ማን እንደሚሸወድ ለመፈተን ራሷ የላከችው የሐሰት ኢሜይል ኖሯል። የተላከውስ ለሁላችንም ነበር፤ ኢሜይል የሚከፍተው ደረጀ ብቻ ስለሆነ እኛ ለጥንቃቄያችን ተመሰገንን።

ደረጀ ሻንጣውን አቅፎ ቀረ። ቀድማ የተናገረችው የመዝገብ ቤቷ ኸዲጃ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ከበርታ በኋላ ነው።

«ደረጀ፣ እኛ አንተን ሸኘ፣ ፍየል በላ። አሁን ተመልሶ መቀመጥ ዓይብ ነው፣ ያሳፍራል።»

ቢያሳፍርም ተመልሶ ተቀመጠ። ምን ያድርግ?

ከወራት በኋላ ደሴ ላይ እውነተኛ ቦታ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ የቀረው የአቶ ሐሚድ ፈቃድ ብቻ ነበር። ደረጀ እየሮጠ ገባ፤ እኔም ለምስክርነት ተከተልኩት።

«በሽኝትህ ቀን ያልኩትን ሰምተሃል አይደል?» አሉት። «ምትክ የለውም ብዬ በሕዝብ ፊት ተናግሬ እንዴት እለቅሃለሁ? ምን ሊሉኝ ነው?»

«ጋሼ፣ እሱን እኮ የጻፈው ማሽን ነው» አለ ደረጀ ቀስ ብሎ።

«በዚህ ቢሮ ማሽን ክልክል ነው» አሉና ማስታወቂያውን አሳዩት።

እናም አሁን ደረጀ ሰነፍ መሆኑን የሚመሰክርለት ሰው ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። እኔ ጋም መጣ። ልጅቷን አስቤ እሺ ልለው ነበር፤ ግን በስሙ ፍየል በልቼ በምን አፌ ልማው?